ጓሮዬ የሚመጡት ሁለት ትልልቅ ቁራዎች ምን ዓይነት ናቸው?

ከጦሳ ሥር (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ነው። ሰሞኑን ማለዳ ማለዳ ሁለት ቁራዎች ጓሮዬ ባሕር ዛፍ ላይ ማረፍ ጀምረዋል። ቁራ ብርቅ ሆነበት እንዳትሉኝ፤ ቁራ እያየሁ ነው ያደግሁት። የእነዚህ ግን ሌላ ነው። ትናንት አንደኛው አጥሩ ላይ ሲያርፍ በመካከላችን አምስት እርምጃ ቢኖር ነው። ምንቃሩ መጥረቢያ ያህላል። ሻይ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ፤ ልቤ እንደ ልጅ ልብ ይመታ ነበር።

ባለቤቴ ግን ደስታዬን አልተጋራችም። ሊደርቅ የተሰጣውን ኩበት ይበትኑባታል፤ ለጫጩቶቿም ፈርታለች። አማቴ ደግሞ «ቁራ ደጅ ላይ ከጮኸ መርዶ ነው፣ አባርረው» ይላሉ። ዓይነታቸውን የሚያውቅ አለ? ሥጋ ብጥልላቸውስ ይለምዱኛል? በስልክ ሳነሣቸው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው የሚወጣልኝ።

የወረኢሉ መምህር፦
ወንድሜ፣ አንገቱን ሲደፋ ማጅራቱ ላይ ነጭ ታያለህ?

ከጦሳ ሥር፦
አዎ! እንደ በሬ ቦቃ ያለ፤ ቦታው ግን ከኋላ ነው። የምንቃሩም ጫፍ ነጣ ያለ ነው።

የወረኢሉ መምህር፦
እንግዲያው እንኳን ደስ ያለህ። በሳይንስ ስሙ ኮርቩስ ክራሲሮስትሪስ ይባላል፤ በላቲን «ባለ ወፍራም ምንቃር» ማለት ነው። ጀርመናዊው ሩፔል በ1836 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቀው። አገሩ የእኛና የኤርትራ ደጋ ነው። ከምንቃሩ እስከ ጅራቱ ጫፍ 60 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ በዓለም ካሉት የቁራ ወገኖች በትልቅነት የሚስተካከለው በአውሮፓና በእስያ የሚኖረው ትልቁ ቁራ ብቻ ነው። ሰው ከውጭ አገር ድረስ እርሱን ለማየት ይመጣል፤ አንተ ከነሻይህ አገኘኸው።

የኮምቦልቻ ልጅ፦
መምህር፣ ይህን ያህል ምን አስደነቀን? ነጭ ያለው ቁራ እኛም ዘንድ ሞልቷል።

የወረኢሉ መምህር፦
የእናንተው ነጭ ሰደርያ የለበሰው ነው፤ ነጩ ደረቱ ላይ ነው። የዚህኛው ከራሱ ኋላ ብቻ ነው። ሌላም አለ፤ ገደል የሚወድ፣ ሁለመናው ጥቁር፣ ሲበር ጅራቱን ቆርጠው የለቀቁት የሚመስል። ቀጭን ምንቃር ያለው ጥቁር ቁራም በየእርሻው አይጠፋም። ልጄ፣ ምንቃሩን ካየህ አትሳሳትም።

እመት ከኩታበር፦
የኩበቱን ነገር ለእኔ ተዉልኝ። ቁራው ኩበቱን ምን ሊያደርግለት? የሚፈልገው ውስጡ ያለውን ትል ነው፤ እበቱን በምንቃሩ ግራና ቀኝ እንደ ማጭድ እየጠረገ ይበትነዋል። ስለዚህ ለባለቤትህ ንገራት፤ ስስ አድርጋ ትጠፍጥፈው፣ እርጥብ ሳለም ሣር ወይም ጭራሮ ታልብሰው። ቶሎ ከደረቀ ትሉም አይኖርም፣ እርሱም ይተወዋል።

ጫጩት ግን አደራ! ጥፋቱን ሁሉ ለጭልፊት እንሰጣለን እንጂ ቁራም ካገኘ አይምርም። ላባቸው እስኪጠነክር በቅርጫት ይከደኑ። ሥጋ መጣሉን ደግሞ እርሳው። ዛሬ ቁራጭ ትጥልለታለህ፤ ነገ ቋንጣህን ከገመዱ ላይ ራሱ ያወርደዋል፤ ያን ጊዜ ጠቡ ከባለቤትህ ጋር ነው።

የኮምቦልቻ ልጅ፦
ወንጭፍ ምን ሆነ?

የወረኢሉ መምህር፦
ወንጭፍ አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ የተጠኑ ቁራዎች ያጠመዳቸውን ሰው ፊት ለይተው ለዓመታት ሲያስታውሱ ታይተዋል። የእኛው ቁራ ዘመድ እንዲህ ከሆነ ቂም መግዛት ምን ይጠቅማል? የአይጥ መርዝም ከግቢህ አርቅ፤ የሞተውን አይጥ ማን እንደሚያነሣው ታውቃለህ።

ፎቶ አንሺው፦
ፎቶው ቀላል ነው። ዛፍ ጫፍ ላይ ሳለ አታንሣው፤ ከጀርባው ያለው ሰማይ ነው የሚያጠቁርብህ። ጠዋት ፀሐይ ጦሳን ፊት ለፊት ስትመታው፣ ፀሐይን ከኋላህ አድርገህ፣ ዳገቱ ከወፉ በስተጀርባ እንዲሆን ቁም። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ወፉን ንካና ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርግ። ወደ እርሱ አትሂድ፤ በር ላይ ተቀምጠህ ጠብቀው።

አያ ከሐይቅ፦
የመርዶው ነገር ቀረ እንዴ? ልጄ፣ ቁራ ሲጮኽ የራሱን ስም ይጠራል እንጂ የማንንም ሞት አይጠራም። አማትህ ክርስቲያን ከሆኑ ለነቢዩ ኤልያስ እንጀራና ሥጋ ያመላለሰለት ቁራ እንደሆነ አስታውሳቸው። እስላም ከሆኑ ደግሞ ለቃቢል የወንድሙን ሬሳ መቅበር ያሳየው ቁራ እንደሆነ ቁርዓን ይናገራል። የወሎ ቤት ነውና ሁለቱንም ንገራቸው። አብሽር።

ከጦሳ ሥር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጫጩቶቹ ቅርጫት ሥር ገብተዋል፤ ኩበቱም ጭራሮ ለብሷል። ዛሬ አንዱ ኩበት የተሰጣበትን ዞሮ ዞሮ አይቶ አጥሩ ላይ ወጣ፤ ፎቶውም ከነማጅራቱ ተነሣ። ለአማቴ የኤልያስን ታሪክ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ይምጣ፤ ግን እንጀራውን ይዞ ይምጣ» አሉ።