የምርምር ምንጭ አፈላለግ መመሪያ፦ የጋራ ዕቅድ ረቂቅ (ባሕር ዳር)

(ተናጋሪዎቹ በሥራ ድርሻቸው ተጠርተዋል።)

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ዓርብ ለገንዘብ ሰጪዎቹ ይገባል። በቤተ መጻሕፍትና ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ጥናት የሚሠራ ሰው ከየት እንደሚጀምር ማሳየት ነው ዓላማው። አምና ገንዘቡን የከለከሉን «ለማን እንደሆነ አልገባንም» ብለው ነው፤ እንዳይደገም።

ማጣቀሻ፦ ነጻዎቹ ይቅደሙ። የኢብስኮ ኩባንያው ሊስታ (የሙያው ጽሑፎች ማውጫ) ያለ ክፍያ ይፈተሻል፤ ግን የሚሰጠው በአብዛኛው አጠቃሎ እንጂ ሙሉ ጽሑፍ አይደለም። ርዕሱን ይዞ ኢ-ሊስ (የሙያው ነጻ የጽሑፍ ማከማቻ) ላይ መፈለግ፣ ካጣ ዶአጅ (የነጻ ጆርናሎች ማውጫ)። ሪሰርች ፎር ላይፍ (ለታዳጊ አገሮች የምርምር ጽሑፍ የሚያቀርበው) በተቋም እንጂ በግል አይከፈትም፤ የይለፍ ቃሉ ከቤተ መጻሕፍቱ እንደሚጠየቅ በደማቁ ይጻፍ። መደርደሪያ ላይ 020 (የሙያው መጻሕፍት የዲዩይ ቁጥር)። የሊስታን ምዕራፍ እኔ እጽፋለሁ፣ ማክሰኞ ይደርሳል።

ካታሎግ፦ የመመሪያው ሽፋን «ቤተ መጽሐፍት» ይላል። ካልታረመ ስሜን አውጡልኝ።

ሂሳብ፦ ጋሼ፣ የማተሚያ ዋጋ እንኳ ገና አልመጣም! ከተማው ውስጥ ያለው ታፔላ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።

ካታሎግ፦ ታፔላ ሰዋስው አይሆንም። መጽሐፍ ሲበዛ መጻሕፍት ነው። የሙያችንን ስም አበላሽተን ጽፈን ማን ገንዘብ ይሰጠናል?

ሂሳብ፦ ለአንድ ቃል ሦስት ቀን አቃጠልን።

ሲስተም፦ ነገሩ ከሽፋን ያልፋል። ኮሃ (የካታሎግ ሶፍትዌራችን) ላይ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ፀሐይ»ን ብቻ እዩ፤ ሁለቱ ጸ/ፀ በስድስቱ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሲባዛ 12 አጻጻፍ ይወጣል። ተማሪው አንዱን ጽፎ 11ዱን ያጣል። በዜብራ (የኮሃ የፍለጋ ሞተር) የአይሲዩ ፋይል፣ ማለትም የፊደል ደንቡ በሚጻፍበት፣ ሞክሼዎቹን (ድምፃቸው አንድ የሆነውን ፊደላት) ወደ አንድ የሚመልስ ደንብ እናስገባ። መዝገቡ አይነካም፤ ኢንዴክሱ (የፍለጋ ማውጫው) እና የሚፈለገው ቃል ብቻ ይለወጣሉ። ከዚያ ሁሉም መዝገብ እንደገና ኢንዴክስ ይደረግ፤ አለዚያ ደንቡ የሚሠራው አዲስ በሚገቡት ላይ ብቻ ነው።

ካታሎግ፦ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን «መጽሐፍት»ን ከ«መጻሕፍት» አያገናኝም፤ ጽ እና ጻ ሞክሼ አይደሉም። ለእነዚያ «ይመልከቱ» የሚል ማያያዣ በእጅ መግባት አለበት። እሱን እኔ እሠራለሁ።

ሂሳብ፦ ይሁን፣ ሽፋኑ ይታረም። ተቆጥቼ ነበር።

ሲስተም፦ የቆዩት የመመረቂያ ጽሑፎችም አሉ። ከዩኒኮድ (የጋራው የፊደል ኮድ) በፊት በነበሩ ፎንቶች የተተየበው ፒዲኤፍ ለዓይን ይነበባል፤ ፍለጋ ግን አያገኘውም። መለያው ቀላል ነው፦ አንድ መስመር ቀድታችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉ። የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከወጣ ፋይሉ መቀየር አለበት።

ሰብሳቢ፦ የሊስታ ምዕራፍስ? ማክሰኞ አለፈ።

ሰብሳቢ፦ ማጣቀሻ፣ አለህ?

ሂሳብ፦ ስልኩ አይነሳም። በጀቱን ለሁለት መክፈል አንችልም። ሠርቨርና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ከገባ ሕትመቱ ይቀራል።

ሲስተም፦ ዩፒኤስ ግድ ነው። ኢንዴክሱ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ሥራው ከመጀመሪያው ነው።

ሰብሳቢ፦ እንግዲያው ርዕሱ «የአማርኛ ካታሎግ ፍለጋ ማሻሻያ» ይባል፤ መመሪያው ሁለት ገጽ ሆኖ አባሪ ይግባ። ቅዳሜ 3 ሰዓት ፔዳ ግቢ እንገናኝ። የሞክሼዎቹን ሰንጠረዥ አትማችሁ ኑ።

ካታሎግ፦ ኸ ሰንጠረዡ ውስጥ ይግባ አይግባ ገና አልተስማማንም።