እናቴን ይዘን ስዊዘርላንድ ብንሄድ ቪዛዋ ይበላሻል ወይ?

የሦስት ልጆች እናት፣ ፍራንክፈርት

ሰላም ቤቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። አንድ የጨነቀኝ ነገር አለ፤ የምታውቁ አንድ በሉኝ።

እናቴ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት። ልጆቼን በአካል ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነው። ቪዛውን የሰጣት የጀርመን ኤምባሲ ነው፤ 90 ቀን፣ አንድ ጊዜ መግቢያ ይላል። ልጆቹ ለፈረንጅ ገና ትምህርት ሲዘጋላቸው ለአምስት ቀን ስዊዘርላንድ ልንወስዳት አስበናል። ሉሰርንን፣ ኢንተርላከንን፣ ከተቻለም ያንን ዩንግፍራውዮህ የሚሉትን ከፍታ ልናሳያት ነው። ትልቋ ልጄ አያቷን በሸርተቴ ካላስቀመጥኩ ብላ ቀን እየቆጠረች ነው።

የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ከጀርመን ወጥታ ስትመለስ ያቺ አንዷ መግቢያ ታልቅባታለች? ባለቤቴ ለቪዛው ኃላፊነት ወስዶ ፈርሟል፤ እሱ ላይስ ጣጣ ይመጣል? ደግሞ ደም ግፊት አለባት። ጾም ላይም ናት፤ እዚያ አገር ምግቡ ሁሉ አይብ ነው ይባላል።

ሌላም አለ። ትንሹ ልጄ በቪዲዮ ሲያወራ ጉዞውን ለባለቤቴ ወንድም ነገረው። በማግስቱ «ለበረዶ ማያ የያዛችሁትን ለጣሪያው ብትልኩት ቤቱ ሳይዘንብበት ይከደን ነበር» ብሎ ጻፈልን። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ዝም ብሏል።

የበርን ነዋሪ

እህቴ፣ እዚህ አገር 22 ዓመት ኖሬአለሁ፤ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

ቪዛው አይበላሽም። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም፤ ሼንገን በሚባለው፣ በአንድ ቪዛ በሚኬድበት የአውሮፓ አገሮች ስምምነት ውስጥ ግን ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለች። «አንድ መግቢያ» ማለት ወደ ሼንገን መግቢያ ነው። ከፍራንክፈርት ባዝል መሄድ ከፍራንክፈርት ፓሪስ እንደመሄድ ነው። ስቲከሩ ላይ «ለሼንገን አገሮች» የሚል ጽሑፍ መኖሩን እዪ፤ ካለ አለቀ። ለንደን ብትወስጃቸው ግን ወጡ ማለት ነው፤ በዚያ ቪዛ አይመለሱም። ለቪዛው የተገዛው ኢንሹራንስም በሁሉም የሼንገን አገር እንዲሠራ ግዴታ ስለሆነ እዚህም ይሠራል። ወረቀቱን ያዙት።

ዋናውን ፓስፖርት እንዳትረሱ። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይበቃም። ጀርመን ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ በዚህ በኩል ባለው ድንበሯ ላይ ቁጥጥር ጀምራለች። ስትመለሱ ባዝል አካባቢ ፖሊስ ባቡር ውስጥ ገብቶ ሊጠይቅ ይችላል። እማማ እንዳይደነግጡ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ትኬት ላይ ሰው ብዙ ገንዘብ ይጥላል። ከውጭ ለሚመጣ ሰው ብቻ የሚሸጥ ስዊስ ትራቭል ፓስ የሚባል አለ። የ3፣ የ4፣ የ6፣ የ8 እና የ15 ቀን አለው። ባቡሩን፣ አውቶቡሱን፣ የከተማ ትራሙን፣ የሐይቁን መርከብ ሁሉ ይይዛል። ከ6 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ከወላጅ ጋር ከሆኑ በቤተሰብ ካርድ በነጻ ይሄዳሉ። ካርዱም በነጻ ነው፤ ግን ስትገዢ ጠይቂ። ሳይጠይቁ ቀርተው ለልጆቹ ሙሉ የከፈሉ ሰዎች አውቃለሁ። ከ6 በታች ያለው መጀመሪያውንም አይከፍልም። ስለዚህ የምትከፍሉት ለሦስት አዋቂ ብቻ ነው።

በመኪና ከሆነ ለአውራ ጎዳናው ቪኜት የሚሉትን የመንገድ ክፍያ መግዛት ግድ ነው፤ 40 ፍራንክ። የሳምንት የሚባል የለም፤ ለአንድ ቀንም ብትነዱ የዓመቱን ነው የምትከፍሉት። እኔ ግን በበረዶ አምስት ቀን ከመንዳት ባቡር እመርጥላችኋለሁ። ከፍራንክፈርት ባዝል ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከባዝል ሉሰርን አንድ ሰዓት።

ስልካችሁንም ከመነሳታችሁ በፊት አስተካክሉ። የአውሮፓ ኅብረት የሮሚንግ (በሌላ አገር ስልክ የመጠቀም) ሕግ እዚህ አይሠራም። አንዳንድ ውል ስዊዘርላንድን ይጨምራል፣ አንዳንዱ አይጨምርም። የአክስቴ ልጅ ከተራራ ላይ ለእናቷ በቪዲዮ ደውላ የመጣባት ሂሳብ ከባቡር ትኬቷ በላይ ነበር።

የሽቱትጋርቷ

ስለ ምግቡ እኔ ልንገርሽ፤ ባለፈው ዓመት አማቴን ይዘን ሄደን ነበር፣ እሳቸውም ጾመኛ ናቸው።

ሆቴል አትያዙ። ወጥ ቤት ያለው የኪራይ ቤት ያዙ። ምጣድ እንዳትሸከሚ! እኔ የኤሌክትሪክ ምጣዴን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወስጄ ሶኬቱ አልገባ አለኝ። የጀርመኑ ወፍራም ክብ ሶኬት እዚያ ግድግዳ ውስጥ አይገባም። የስልክ ቻርጀሩ ቀጭን ጠፍጣፋ ይገባል፣ ምጣዱ አይገባም። በዚያ ቅዝቃዜ ሊጡ ቡክት ብሎ ተቀምጦ አማቴ «ግድ የለም፣ በዳቦ እበላለሁ» ሲሉኝ አለቀስኩ።

ድርቆሽ ያዢ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ክክ፣ ዘይት። ድርቆሹን በቲማቲም ስልስ ፈትፍተሽ ብትሰጫት ከተራራ ለተመለሰ ሰው ከዚያ የሚሻል የለም። መንገድ ላይ ማሮኒ የሚሉት የተጠበሰ የዛፍ ፍሬ (ቼስትነት) ይሸጣል፤ በወረቀት ከረጢት ትኩስ ትኩሱን ይሰጡሻል፣ ጾም ነው። አማቴ በጣም ወደዱት። ሮሽቲ የሚባለው የድንች ጥብስ ብዙ ጊዜ ቅቤ ስላለው በዘይት እንዲሠሩልሽ ንገሪያቸው። ለፈረንጅ ገናና ለእሑድ ደግሞ ሱቅ ስለሚዘጋ ቀድመሽ ግዢ፤ የባቡር ጣቢያ ውስጥ ያሉት ግን ክፍት ናቸው።

ነርሷ፣ ካሰል

እኔን ያሳሰበኝ ዩንግፍራውዮህ ነው። 3,454 ሜትር ላይ ነው። «የአዲስ አበባ ሰው ከፍታ ለምዷል» እንዳትሉ። እውነት ነው፣ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ነች። ግን እማማ ፍራንክፈርት ከመጡ ሳምንታት አልፈዋል፤ ፍራንክፈርት ደግሞ 100 ሜትር ገደማ ነው። ሰውነት የለመደውን ይረሳል። ባቡሩ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሽቅብ ያወጣሻል፤ ልብ ለመልመድ ጊዜ አያገኝም። ግፊታቸው በመድኃኒት ተስተካክሎ ከሆነ ሐኪማቸው ይሂዱ ሊል ይችላል። ሳትጠይቂ ግን አትውሰጃቸው። መድኃኒቱን በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ያዙ። ላይ ከደረሱ ቀስ ብለው ይራመዱ፣ ውሃ ይጠጡ፣ ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ በሚቀጥለው ባቡር ይውረዱ።

እኔ ብሆን ሉሰርን አጠገብ ያለውን የሪጊ ተራራ እመርጣለሁ። 1,798 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባም ዝቅ ይላል።

የበርን ነዋሪ

ነርሷ እውነቷን ነው። የሪጊ ጥቅሙ ደግሞ በፓሱ ነጻ መሆኑ ነው። የዩንግፍራውዮህ ግን በፓሱ ቅናሽ ብቻ ነው ያለው፤ የቀረውን መክፈል አለ፣ እሱም ቀላል አይደለም። ከሉሰርን በመርከብ ፊትስናው ትሄዳላችሁ። ከዚያ ጥርስ ባለው ሐዲድ ወደ ላይ የሚወጣው ባቡር አለ፤ በ1871 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተ፣ በአውሮፓ የመጀመሪያው የተራራ ባቡር እሱ ነው። በብርዱ ወራት ሐይቁ በጉም ተሸፍኖ እናንተ ከጉሙ በላይ ፀሐይ ላይ ትሆናላችሁ። የልጆቹ ሸርተቴም እዚያው ይገኛል።

ሉሰርን ያለውን የእንጨት ድልድይ በእግር አሻግሪያቸው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፤ በ1993 (እ.ኤ.አ.) ብዙው ተቃጥሎ መልሰው ሠሩት። ከዚያ ላውተርብሩነን ሸለቆ። ሽታውባህ የሚሉት ፏፏቴ 300 ሜትር ገደማ ከገደል ይወርዳል፤ በብርድ ጊዜ ዳር ዳሩ በረዶ ሆኖ ይንጠለጠላል።

ለልጆቹ አንድ ነገር ንገሪያቸው። ፖስት ካርዱ ላይ ሁሉ ያለው ማተርሆርን 4,478 ሜትር ነው። የእኛ ራስ ዳሽን ከ4,500 በላይ ነው። ልጄ ይህን ክፍል ውስጥ ተናግሮ መምህሩ ካርታ አውጥቶ አይቶለታል። ምኒልክን ያማከረው፣ የባቡር ሐዲዱን ውል የያዘው ሙሴ ኢልግም የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ፍራውንፌልድ ተወልዶ ዙሪክ ነው የሞተው። እኔ በፍራውንፌልድ ባለፍኩ ቁጥር የለገሃር ጣቢያ ትዝ ይለኛል።

ከኑረንበርግ

የኔ ጉዳይ ከጥያቄሽ ትንሽ ይርቃል፤ ግን ልጻፈው።

እኔ በሰማያዊው የስደተኛ ፓስፖርት ነው የምኖረው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከጀርመን አልወጣሁም። መኖሪያ ፈቃድ እያለኝ፣ ሕጉ ሼንገን ውስጥ እስከ 90 ቀን እንደሚፈቅድልኝ እያወቅኩ፣ ድንበር ሲባል ሆዴ ይታወካል። ሊቢያን ያለፈ ሰው ድንበር ምን እንደሆነ ያውቃል። ባለፈው ዓመት ሚስቴ «በቃ» ብላ ትኬት ቆረጠች። ጄኔቫ ሄድን። ባዝል ላይ ፖሊሱ ሰነዴን አይቶ «መልካም ጉዞ» ብሎ መለሰልኝ። ያው ነው የሆነው፤ ሌላ ምንም የለም።

ጄኔቫ ሐይቁ ዳር ቆሜ ሰነዴን አወጣሁት። ሽፋኑ ላይ «የ28 ጁላይ 1951 ስምምነት» ይላል። ያ ስምምነት የተፈረመው እዚያው ከተማ ነው። ጃንሆይም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ያሉት እዚያው ነው። አገር የተወሰደበት ሰው ቆሞ የተናገረበት ከተማ ነው ብዬ ለልጄ ነገርኳት። ሰባት ዓመቷ ነው። «አባዬ፣ ሰሙት?» አለችኝ። ያኔ አልሰሟቸውም አልኳት።

እህቴ፣ እናትሽን ይዘሽ ሂጂ።

የቨርጂኒያው አባት

ሁላችሁም ስለ ባቡር ታወራላችሁ። ስለ ጣሪያው ማንም አልመለሰም።

እኔ 18 ዓመት ታክሲ ነድቼ ሦስት እህቶቼን አስተምሬአለሁ። አንድም ቀን ሽርሽር አልሄድኩም። ወንድሙ ቅንጦት አልጠየቀም፤ ቆርቆሮ ነው የጠየቀው። ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የሚላከው ዩሮ በብር ብዙ ነው፤ ግን የምስማሩም፣ የእንጨቱም፣ የቆርቆሮውም ዋጋ አብሮ ወጥቷል። የአምስት ቀን ሽርሽር እዚያ አንድ ቤት ይከድናል። በረዶው የትም አይሄድም። የሰው ቤት ግን ክረምት ከመግባቱ በፊት ካልተከደነ ግድግዳው ይፈርሳል።

የሽቱትጋርቷ

ወንድሜ፣ ክረምት የሚገባው ሰኔ ላይ ነው፤ እስከዚያ ስድስት ወር አለ። የእናቷ ቪዛ ግን የካቲት ላይ ያልቃል። ለቪዛ ስንት ወር እንደሚጠበቅና ስንት ሰው እንደሚከለከል ታውቃለህ። እኚህ እናት ተመልሰው ለመምጣታቸው ማን ዋስ ይሆናል?

የቨርጂኒያው አባት

እናትየዋን አልተቃወምኩም። እናትነት ቤት ውስጥም፣ ፍራንክፈርትም ይከበራል። እኔ የምለው ቤተሰብ ሲቸገር እኛ ፎቶ እየለጠፍን ከሆነ እነሱ ምን ይሰማቸዋል ነው። እኔ ልጅ ሆኜ የሚልክልንን ሰው እጅ እጅ ስናይ ነው ያደግኩት። አልረሳውም።

ከዱባይ

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ አሁን ግን አልቻልኩም።

እኔ ሰው ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። የአባቴ ቤት ተከደነ። የወንድሜ ባጃጅ ተገዛ። ሁሌም «ይሄ ካለቀ በኋላ እናቴን አንድ ቦታ እወስዳታለሁ» እል ነበር። ላሊበላን ማየት ትመኝ ነበር፤ ለእኛ ቤት የአንድ ቀን መንገድ ነው። ጣሪያው ሲያልቅ አጥሩ መጣ። አጥሩ ሲያልቅ የእህቴ ሠርግ መጣ። እናቴ ባለፈው ዓመት ሞተች። ለቀብሯም አልደረስኩም።

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን አከብራለሁ፤ እኔም እንዲሁ ነበርኩ። አሁን ግን እንደዚያ አላስብም።

የቨርጂኒያው አባት

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ጣሪያውን በተመለከተ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ከኑረንበርግ

ጋሼ፣ የእርስዎ ልጆችስ አብረዋችሁ የሄዱበት ቦታ አለ?

የቨርጂኒያው አባት

ልጆቼን ዩኒቨርሲቲ አስተምሬአለሁ።

የሦስት ልጆች እናት፣ ፍራንክፈርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የዱባይዋ እህቴ፣ የጻፍሽውን ለባለቤቴ አነበብኩለት። ነፍሷን ይማርልሽ።

ስቲከሩን አየነው፤ የበርኑ ወንድሜ እንዳለው ነው። ሐሙስ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ። ዩንግፍራውዮህን ሐኪሙ ቢፈቅድም ትተነዋል።

ያላሰብኩት ነገር ግን መጣ። ትናንት ማታ ስንነጋገር እናቴ ሰማችን። «የሰው ጣሪያ ክፍት ሆኖ እኔ ተራራ ላይ አልወጣም» አለች። ልጆቹ ቢለምኗትም እሺ አላለችም። ባለቤቴ ወንድሙን ሊያናግረው ነው፤ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ለፋሲካ ልኬ እስማማለሁ ይላል። እስካሁን አልደወለም። የኪራይ ቤቱን እስከ ዓርብ መሰረዝ እንችላለን።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ እናቴ ልጄን ጠርታ «ያ ሸርተቴ የምትዪው ይወድቃል ወይ?» ስትላት ሰማሁ።

የበርኑ ወንድሜ፣ ከሪጊ የመጨረሻው ባቡር በስንት ሰዓት ነው የሚወርደው?