ግማሹ «ፈጠነብን» ይላል፣ ግማሹ «ቶሎ እንለፍ»

የመግቢያ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ 46 ናቸው፤ ከ14 ሳምንቱ 6ኛው ላይ ደርሰናል። አስተያየት በመጨረሻ ከሰበሰብኩ ለእነዚህ ልጆች አይደርስላቸውም ብዬ፣ በ4ኛው ሳምንት ስም የማይጻፍበት ወረቀት በተንኩ። ምን ይቀጥል፣ ምን ይቅር፣ ምን ይጀመር ብቻ ነው የጠየቅኩት።

31 መለሱ። 13ቱ «ትምህርቱ ፈጠነብን» አሉ። 11ዱ ደግሞ «ምሳሌ በዛ፣ ቶሎ እንለፍ»። የቀሩት ፍጥነቱን አላነሱም።

እኔም ፍጥነቱን ቀነስኩ። ቀድሞ የገባቸው ልጆች ከክፍል መቅረት ጀመሩ። አጭር ፈተና ስሰጥም ፕሮባቢሊቲ (የዕድል ስሌት) ላይ ያው የድሮው ስህተት ተደገመ። በጣም ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ፕሮባቢሊቲ ብዙ ጊዜ በክፍልፋይ ስለሚሰላ፣ ክፍልፋይ መደመር የሚያስቸግረው ልጅ፣ የቱንም ያህል ቀስ ብል ይፈጥንበታል። ግን ጥርጣሬ ነው እንጂ ማረጋገጫ የለኝም፤ ስም ስለሌለ ማን ምን እንዳለ ከውጤቱ ጋር ማገናኘት አልችልም። ስም ጻፉ ብል ደግሞ እውነቱን ይደብቁኛል።

በ7ኛው ሳምንት ሌላ ወረቀት ልበትን ነው። ስም ሳልጠይቅ፣ «ፈጠነብን» የሚሉት በእርግጥ ፍጥነቱ ከብዷቸው ይሁን መሠረት ጎድሏቸው የሚለይልኝ ምን ዓይነት ጥያቄ ላስገባ?