ፍሪጃችን አልቀዘቅዝ አለ፣ አማቴ ኢንሱሊን ይዘው ነገ ይገባሉ! (ድሬዳዋ)

አዲስ ገቢዋ ሙሽራ
ሰላም የድሬ ልጆች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከአዲስ አበባ ያመጣነው ፍሪጅ አልሠራ አለ። የውስጡ መብራት ይበራል፣ ግን አይቀዘቅዝም። የድሬ ሙቀት ገደለው መሰለኝ። የባለቤቴ እናት የሐምሌውን ገብርኤል ቁልቢ ሊያነግሡ ነገ ማታ እኛ ጋ ይገባሉ። ስኳር አለባቸው፣ ኢንሱሊን ነው የሚወጉት። ከግንቦት ወዲህ ከመንገድ አልወረድንም። ሰርጋችን አለቀ፣ ሐዋሳ ደርሰን መጣን፣ ቀጥሎ ጎንደር ለመልስ እናቴ ቤት ሄድን። ሻንጣው ሳይፈታ የባለቤቴ ሥራ ወደ ድሬ ተዛወረ። ዕቃውን በአይሱዙ፣ በጭሮና በሂርና በኩል አመጣነው። ጫኞቹ ፍሪጁን አጋድመው ነው የጫኑት። የሚዜዎቻችን ስጦታ ስለሆነ ሆዴን ነው የበላኝ። ሳቢያን አካባቢ ጥሩ ሠራተኛ የምታውቁ ጠቁሙኝ።

የገንደ ቆሬ ልጅ
እንኳን ደህና መጣችሁ አቦ! ተጋድሞ ከመጣ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቧንቧው ሄዷል። ንቀሉት፣ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ 24 ሰዓት አትንኩት። ዘይቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ ስኩት።

ነባር ድሬ
ልጄ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ፣ ትዳራችሁን ይባርክ። ግን ልምከርሽ። ወደ ድሬ የሚመጣ ሰው የአዲስ አበባ ዕቃውን ሸጦ ነው የሚመጣው። ፍሪጅ እዚህ ታይዋን ገበያ ሞልቷል። ያንን ሁሉ የደንገጎ ጠመዝማዛ ማስወረድ ለምን አስፈለገ? ይቺ ከተማ በ1895 ዓ.ም. ገደማ ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። እኛ ሙቀቷን በፍሪጅ አይደለም የለመድነው። ቀትር ላይ መስኮቱንና መጋረጃውን ዝጉ፣ ሲመሽ ክፈቱ። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ አትንከራተቱ። ለአማትሽም ነፋሻውን ክፍል ልቀቂላቸው።

ከፍሪጁ የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ቤቱ ነው። የተከራያችሁት ዳቻቱ ዳር ወይም ሌላ ደረቅ ወንዝ አጠገብ ነው ወይ? አሁን ክረምት ነው። ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋው ላይ ከዘነበ፣ ያ አሸዋ ብቻ የሚመስለው ወንዝ በሌሊት ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የሞላው እንደዚያ ነው። ሰው በተኛበት ወሰደ፣ ከ200 በላይ ሕይወት ጠፋ። እኛ ጎረቤት ቀብረናል። አከራያችሁን ሳታፍሩ ጠይቁ፦ «ያኔ ውሃው እስከየት ደርሶ ነበር?» በሉት። የድሬ ሰው ግድግዳው ላይ በእጁ ያሳያችኋል።

ቮልት
ጋሽዬ የጎርፉ ምክር ልክ ነው። ፍሪጁን ግን ሙቀት ገደለው የሚለውን አልቀበልም። ሙቀት ፍሪጅን ያደክማል እንጂ በአንድ ሌሊት አይገድልም። እህቴ፣ ሁለት ነገር አልነገርሽንም። አንደኛ፣ ድምፁ እንዴት ነው? ዝም ብሏል? ያለማቋረጥ ይሠራል? ወይስ እምም ብሎ «ቀጭ» ይላል? ሁለተኛ፣ ምን ላይ ነው የሰካችሁት? ግድግዳ ላይ ወይስ ኤክስቴንሽን ላይ?

ሐረር ጀጎል
መፍትሔው ቀላል ነው፤ እናታችንን ሐረር አምጧቸው። የኛ አየር ራሱ ፍሪጅ ነው፣ ማታ ጋቢ ይለበሳል። ሙሽሮቹም ግቡ፣ ሐረርን ሳያዩ ድሬ መኖር ይደብራል። ጅቡንም ታያላችሁ።

አዲስ ገቢዋ ሙሽራ
@ቮልት እምም ይልና ቀጭ ብሎ ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና። ኩሽናው ሶኬት ስለሌለው ከሳሎን በኤክስቴንሽን ነው የሳብነው። ቤቱ ከወንዝ ሩቅ ነው ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ፍሬሽ ልጅ
24 ሰዓት ሳይሰካ አቁሚው እህት። የኔም እንደዚያ ነው የዳነው።

የገንደ ቆሬ ልጅ
ወሪያ፣ እሱን እኮ እኔ ብዬዋለሁ!

ቮልት
በቃ ነገሩ ተገኘ። እምም ብሎ ቀጭ የሚለው ኮምፕሬሰሩ ልነሳ ሲል ጉልበት እያጣ ነው። ሲያቅተው መከላከያው ይቆርጠዋል። ቀጭ የሚለው እሱ ነው። አንድም ቮልቴጁ ወርዷል፣ አንድም ማስነሻ ሪሌው ተበላሽቷል። ሪሌ ትንሽ ዕቃ ናት፣ ኮምፕሬሰሩ ጎን ላይ ነው የምትሰካው፣ ዋጋዋም አያስደነግጥም።

አሁኑኑ ንቀይው። በዚህ ሁኔታ ተሰክቶ ካደረ ኮምፕሬሰሩ ራሱ ይቃጠላል፣ ያኔ ነው ወጪው። የገንደ ቆሬው ልጅ እንዳለው ቆሞ ይደር። ነገ ፍሪጁን ሳሎን አምጥታችሁ ቀጥታ ግድግዳ ላይ ስኩት። ቀጭን ኤክስቴንሽን በርዝመቱ ልክ ቮልቴጅ ይበላል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ ደግሞ 220 መሆን የነበረበት በጣም ይወርዳል። ስለዚህ የምትሞክሩት ጠዋት ይሁን። ከተነሳ ችግሩ የመስመር ነው፤ ስታብላይዘር ግዙለት፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ዘግይቶ የሚለቀውን ዓይነት። ካልተነሳ ሪሌውን አስፈትሹ። ሠራተኛው ገና ሳይለካ «ጋዝ አልቋል» ካለ አትስሙት። ጋዝ ያለቀበት ፍሪጅ ይሠራል፣ ግን አይቀዘቅዝም። የእናንተ እኮ ጭራሽ አልተነሳም።

ሌላም ነገር ልጨምር፣ ለነባር ድሬም መልስ ይሆናል። ፍሪጁ ውስጥ ወይም ጀርባው ላይ ያለውን ወረቀት አንብቡ። የአየር ጠባይ ደረጃ የሚል ፊደል አለው። «ኤን» ከሆነ የተሠራው እስከ 32 ዲግሪ ላለ ክፍል ነው፣ «ኤስ ቲ» እስከ 38፣ «ቲ» እስከ 43። ኤን ከሆነ ድሬ ላይ ይለፋል፣ ግን ይሠራል። ከግድግዳው ራቅ አድርጉት፣ ጀርባው አየር ያግኝ፣ ከምድጃ አጠገብ አታቁሙት። የሚዜ ስጦታ አይሸጥም ጋሽዬ!

ሲስተር
ሁላችሁም ስለ ፍሪጁ ነው የምታወሩት። ኢንሱሊኑስ? ሙሽራዬ፣ መጀመሪያ ለባለቤትሽ እናት ደውዪላቸው። መንገድ ላይ ሻንጣ ውስጥ አድርገው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ እንዳይሰጡት። እጃቸው ላይ ይሁን። አፉ ሰፊ ፔርሙዝ ወይም ትንሽ አይስ ቦክስ ይበቃል። በረዶው በፎጣ ይጠቅለል እንጂ ጠርሙሱን አይንካ።

ያልተከፈተው ነው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚፈልገው። የተከፈተው፣ አብዛኛው ዓይነት፣ ከ30 ዲግሪ በታች ለ4 ሳምንት ያህል ይቆያል። የሳቸውን ወረቀት አንብቡ፣ ዓይነቱ ይለያያል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት አትጨነቂ። ችግሩ የድሬ ክፍል ቀን ቀን ከ30 ማለፉ ነው። ያልተከፈተውን ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ፣ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ። ፍሪዘር ውስጥ በጭራሽ! በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም አይወጋም፣ ይጣላል። ሱቅ ያለው የለስላሳ ፍሪጅም ይቅርብሽ፣ አንዳንዱ ጠርሙስ እስኪያበርድ ድረስ ነው የሚያቀዘቅዘው። ጥርት ብሎ የነበረው ዓይነት ከደፈረሰ፣ ወተት የሚመስለው ደግሞ በእጅ ሲንከባለል ጓጉሎ ከቀረ አይወጉት።

እማማ ቀፊራ
የኔ ልጅ፣ ፍሪጅ ሳይኖር ስኳር የነበረባቸው እናቶች እዚሁ ድሬ ኖረዋል። ሁለት የሸክላ ማሰሮ ግዢ፣ አንዱ ሌላው ውስጥ የሚገባ። መሃላቸው አሸዋ ሙይ፣ አሸዋውን ውሃ አጠጪ። መድኃኒቱን በላስቲክ ጠቅልለሽ ትንሹ ማሰሮ ውስጥ ታስቀምጫለሽ። ከላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጊበት። ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ቦታ ይቀመጥ፣ ጠዋት ማታ ውሃ ጨምሪ። እጅሽን ስታስገቢ ቅዝቃዜው ይነግርሻል። የፍሪጅ ያህል አይሆንም፣ የተከፈተውን ግን ከቀን ሙቀት ያድነዋል።

ሲስተር
እማማ እውነት ብለዋል። ለተከፈተው ጥሩ ነው። እኛም ፍሪጅ ለሌላቸው ታካሚዎች የምንመክረው ይህንኑ ነው።

አዲስ ገቢዋ ሙሽራ
እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ነቅዬዋለሁ። የአከራያችን ልጅ «የኛ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ» ብላኛለች። ለእማዬም ደውዬ ስለ ፔርሙዙ ነግሬያቸዋለሁ። ማሰሮ ፍለጋ ልወጣ ነው።

ድሬ ትራንስፖርት
ቁልቢ ስትሄዱ በሌሊት ተነሱ። የንግሡ ዕለት መንገዱ ይዘጋጋል፣ ከመኪና ወርዶ ብዙ መሄድ አለ። ጋቢም ያዙ፣ ቁልቢ እንደ ድሬ አይደለም፣ ብርዱ ያንቀጠቅጣል።

ሲስተር
ስለ መሄዱ ካነሳችሁ አይቀር፣ ይህን ለሳቸው ንገሪያቸው። ኢንሱሊን ወግተው ሳይበሉ ዳገት መውጣት የለም። ስዕለት ነው፣ ቅዳሴ ነው ብለው ይጾሙ ይሆናል፣ እናቶቻችንን እናውቃቸዋለን። ከመሄዳቸው በፊት ሐኪማቸውን ስለ መጠኑ ይጠይቁ። አንቺ ደግሞ ቦርሳሽ ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ ያዢ። ካላባቸው፣ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸው ከተምታታ ወዲያው አቅምሻቸው፣ ቀጥሎ ዳቦ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም አትጨምሪ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው። ሕዝቡ መሃል ከባለቤትሽ ጋር በሁለት በኩል ያዟቸው።

አቦ ድሬ
እህት ፍሪጁን 24 ሰዓት አቁሚው ብለውሻል?

ቮልት
ብለዋታል ወንድሜ፣ ብለዋታል። ሙሽራዬ፣ ጠዋት ግድግዳው ላይ ስትሰኪው ምን እንዳለ ጻፊልኝ። ሳቢያን ነኝ፣ ካልተነሳ መለኪያዬን ይዤ እመጣለሁ።