ቤታ ቤታ ቤታ፦ አሁን ልግባ ወይስ ልጠብቅ?

ሰላም፣ ግራ ገብቶኛል። አሜሪካ የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ቤታ ቤታ ቤታ የሚባለው፣ በፈረንጆች 1922 የተመሠረተው የባዮሎጂ ተማሪዎች የክብር ማኅበር ውስጥ እንድገባ ኢሜይል መጣልኝ። ሙሉ አባል ለመሆን ቢያንስ 3 የባዮሎጂ ኮርስ ጨርሶ በአማካይ ቢ ማምጣት ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ሦስተኛው ላይ ነኝ፣ ላብ ሪፖርቱ ነፍሴን ሊያወጣ የደረሰው ጀነቲክስ። ስለዚህ ለጊዜው ተባባሪ አባል ሁኚ ተባልኩ።

በኋላ ወደ ሙሉ አባልነት ስዛወር የአባልነት ክፍያ ድጋሚ እከፍላለሁ? ማኅበሩ ለሚሰጠው የምርምር ድጎማስ ተባባሪ አባል ማመልከት ይችላል? የማኅበሩን አማካሪ ብጠይቅ ዝም። ለምረቃ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው የክብር ገመድ ብዙም አያጓጓኝም፣ እኔ የምፈልገው ድጎማውንና ምርምር በፖስተር የሚቀርብበትን ጉባኤ ነው። የገባችሁበት ካላችሁ ሳትደብቁ ንገሩኝ፣ የመመዝገቢያው ቀን እየደረሰ ነው።