በሎጎ ሐይቅ ላይ በካያክ ለሚካሄድ የዓሣ ማጥመድ ጉዞ ምክር ስለመጠየቅ

ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሎጎ ሐይቅ ላይ እንግዶችን በካያክ (በመቅዘፊያ በምትነዳ ጠባብ ትንሽ ጀልባ) እያወጣሁ በመንጠቆ ዓሣ የማስጠመድ ሥራ ለመጀመር በዝግጅት ላይ ነኝ። ሥራውን ያጠናሁት በሞቃት ባሕር ዳርቻዎች የሚሠሩ አስጎብኚዎችን በመከታተል ሲሆን፣ የእነርሱ ዘዴ ለእኛ ሐይቅ እንዴት እንደሚስማማ ግን ግራ ገብቶኛል።

ይበልጥ የከበደኝ የነፋሱ ጉዳይ ነው። ነፋስ ሲነሣ ካያኩ እየተንሳፈፈ ዓሣው ካለበት ቦታ ይርቃል፤ መልሕቅ እንዳልጥል ደግሞ የሐይቁ ጥልቁ ክፍል 80 ሜትር ገደማ ስለሚወርድ ገመዱ አይበቃም። መልሕቅ ከጎን ከታሰረ ካያክን ሊገለብጥ ስለሚችል ከፊት ወይም ከኋላ ጫፍ ብቻ እንደሚታሰር አውቃለሁ። የባሕር አጥማጆች በጥልቅ ውኃ ላይ፣ እንደ ጃንጥላ ተከፍቶ መንሳፈፉን የሚያዘገይ ጨርቅ ይጎትታሉ። ይህንኑ ኮምቦልቻ ካሉ ሸራ ሰፊዎች ዘንድ ለማሰፋት፣ ለአንድ ሰው ካያክ ስፋቱ ምን ያህል ቢሆን ይሻላል?

ሌላው የማጥመጃው ምግብ ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) በአብዛኛው የሚመገበው ጥቃቅን የውኃ ዕፅዋትን ስለሆነ፣ የባሕር አዳኝ ዓሦችን የሚያታልለው የሚያብረቀርቅ ማጥመጃ እምብዛም አይስበውም። አምባዛስ በትል ይያዛል፤ እንግዶች የሚፈልጉት ግን ቆሮሶውን ነው። በሊጥ ወይም በበቆሎ ሞክሮ የተሳካለት ሰው የመንጠቆውን መጠንና ያጠመደበትን ጥልቀት ቢገልጽልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። በእስጢፋኖስ ገዳም አቅራቢያ ለማጥመድ የገዳሙን አባቶች አስቀድሜ ስለማስፈቅድ፣ በዚያ በኩል ሐሳብ አይግባችሁ።