እናቴን ወክ ላስለምድ ብዬ ሰፈሩ አሸነፈኝ

የፒያሳዋ፦
ሰላም የሐዋሳ ልጆች። እናቴ 56 ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር በባዶ ሆድ ተመርምራ ስኳሯ 118 ሆነ። ሐኪሙ «ገና አልያዘሽም፣ ግን ደጁ ላይ ነሽ፣ መድኃኒት አልጽፍልሽም፣ በእግርሽ ሂጂ፣ ትንሽ ቀንሺ» አላት። እሺ ብላ ወጣች፣ በሩ ላይ ባጃጅ ጠራች 😂

እንደምንም ለምኜ ሦስት ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ወደ ፍቅር ሐይቅ ወጣን። ረጅም ቀሚሷን ለብሳ የወንድሜን ስኒከር አድርጋ። በአራተኛው ቀን አንዷ ጎረቤት «ምነው፣ የባጃጅ አጣሽ እንዴ?» አለቻት። ሌላዋ ደግሞ «ከስተሻል፣ ደህና ነሽ ግን?» በቃ፣ እዛው ላይ አለቀ። «በዚህ ዕድሜዬ የሰፈር መሳቂያ ልሁን?» ትላለች። ገጠር ውሃ ከሩቅ እየተሸከመች ያደገች ሴት ናት፣ በእግር መሄድ ለሷ ያመለጠችው ድህነት መሰለኝ። እናንተ ቤት እንዴት ነው?

ታቦር ስር፦
እኛ ቤትም ያው ነው። ሲዳማ ነን፣ ግራ ጎረቤታችን ጉራጌ፣ ቀኙ ወላይታ፣ በዚህ ጉዳይ ግን ሁሉም አንድ ቋንቋ ነው የሚያወራው። ቦርጭ ካለህ ደልቶሃል፣ ከቀነስክ ታመሃል። አባቴ ሱቁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፣ ተነሥ ስለው «ስፖርት የልጅ ነው» ይለኛል። ልጆቹም ቢሆን ታቦር ላይ የሚሮጡት ለደረትና ለፎቶ ነው፣ ስኳርን አስቦ የሚወጣ አላየሁም (እኔንም ጨምሮ፣ አልዋሽም)።

ነርሷ፦
እህቴ፣ 118 ላይ መንቃታችሁ ዕድል ነው። በባዶ ሆድ ከ100 እስከ 125 መሃል ያለው ቅድመ ስኳር ይባላል፣ 126ና ከዛ በላይ ተደግሞ ከተገኘ ነው ስኳር የሚባለው። አሜሪካ ውስጥ በ2002 በፈረንጆቹ የወጣ ትልቅ ጥናት አለ፣ ልክ እንደ እናትሽ ደጁ ላይ ያሉ ሰዎችን ነው ያየው። በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱና ከክብደታቸው 7 በመቶ ገደማ እንዲቀንሱ የተደገፉት፣ መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ ክኒን ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን የወሰዱት በ31 በመቶ። ጡንቻ ሲሠራ ኢንሱሊን ባይረዳው እንኳ ስኳርን ከደም ይስባል፣ ነገሩ ይሄ ነው። 150 ደቂቃ ደግሞ በቀን 30 ሆኖ አምስት ቀን ማለት ነው፣ ከምግብ በኋላ አሥር አሥር ደቂቃ ቢሆንም ይቆጠራል። የወንድምሽን ስኒከር ግን አስወልቂያት፣ ልኳን ግዙላት። ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች ካላችሁ ደግሞ ስትሄዱ ስኳራችሁ ድንገት ሊወርድ ስለሚችል ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ ሳትይዙ እንዳትወጡ።

ቡና አጣጭ፦
እኔ ይሄ የእግር ነገር ብዙም አይገባኝም። ሴትየዋ በአንድ ሲኒ ቡና ሦስት ማንኪያ ስኳር እየከተተች፣ በቀን ሦስቴ እየተጠራራች፣ ሐይቅ ዳር ብትመላለስ ምን ዋጋ አለው? መጀመሪያ ማንኪያውን ቀሚያት።

ነርሷ፦
ማንኪያውንም ቀሚያት፣ እግሯንም አስወጫት 😄 አንዱ ሌላውን አይተካም።

የዓሣ ደንበኛ፦
ስህተታችሁ «ስፖርት» ማለታችሁ ነው። የኛ እናት ለጤናዬ ብላ አንድ ቀን አልወጣችም። አሁን ግን ጾም ካልሆነ በሳምንት ሦስት አራት ቀን አሞራ ገደል ዓሣ ልትገዛ በእግሯ ትሄዳለች፣ በየሱቁ ቆማ ሰላም ስትባባል እኔ ነኝ የምደክመው። ዘንቢል የያዘች ሴት ወዴት ትሄጃለሽ ተብላ አታፍርም። ባዶ እጇን ስትሄድ ነው ሰው የሚያፈጥባት። ስትመለስ ከፈለገች ባጃጅ ትያዝ፣ አትጨቃጨቋት።

የፒያሳዋ፦
ዛሬ ሞከርነው። ዘንቢሉን ራሷ ያዘች፣ አሞራ ገደል ድረስ በእግር፣ መልሱን በባጃጅ። ስንገባ ያቺው የባጃጅ ነገር የጠየቀቻት ጎረቤት በር ላይ ቆማለች፣ እናቴ ቀድማ ፊቷን አጨማደደች፣ ሴትየዋ ግን ዘንቢሉን ገልጣ አየችና «ዓሣው ስንት ገባ?» ብቻ አለቻት።